ያዙኝ ልቀቁኝ

አዲስ አበባ ውስጥ ውሻ ሊገዛ የሄደ ሰው ዘሩንም ዕድሜውንም ከመጠየቁ በፊት «ኃይለኛ ነው?» ይላል። ሻጩ ቅር ይለዋል። «ምን ማለትህ ነው? ባለፈው የመብራት ቆጣሪ የሚያነበውን ልጅ አጥር አዘለለው እኮ!» ይላል። ውሻው የባለቤቱን ወንድም ሱሪ ቀዶ የሚያውቅ ከሆነማ ዋጋው ላይ ይጨመራል። ተገዝቶ ይመጣል፣ ቀን ይታሰራል፣ ሌሊት ይፈታል፣ በሩ ላይ «ኃይለኛ ውሻ አለ» ተብሎ ይጻፋል። ውሻው ከሞተ ከዓመታት በኋላ ጽሑፉ ብቻውን ግቢ የሚጠብቅባቸው ቤቶች አውቃለሁ። ደግሞም ጥሩ ይጠብቃል።

በዚህ ትምህርት ያደገ ሰው፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚባል ከተማ፣ ገና ሳይነጋ የውሻ ገመድ ይዞ ሲንገላታ ብታዩት እዘኑለት። እዚህ አገር ውሻ እንዲጮህ አይፈለግም። እንዲናከስማ ጨርሶ አይታሰብም። ከውሻ የሚጠበቀው ከሰው እንኳ የማይጠበቅ ጠባይ ነው፤ መንገድ ላይ ያገኘውን ሁሉ ወዶ፣ ጅራቱን ቆልቶ፣ ማንንም ሳያስቀይም ወደ ቤቱ እንዲመለስ። እኔ እንኳ በዚህ ዕድሜዬ አልቻልኩትም።

ውሻው በመሠረቱ የእኔ አይደለም፤ የልጄ ነው። ልጄ ከእንስሳት መጠለያ አምጥታ፣ ስም አውጥታ፣ ከእኔ አልጋ የሚመች ፍራሽ ገዝታለት፣ ኮሌጅ ስትገባ «ማደሪያው ውሻ አይቀበልም» ብላ ለእኔና ለእናቷ አስረክባን ሄደች። አሜሪካ ውስጥ ልጅ ያሳደገ አበሻ ይህን ታሪክ ስነግረው መጨረሻውን አስቀድሞ ይነግረኛል። መጠለያው በሰጠው ወረቀት ላይ «የላብራዶር ቅልቅል» ይላል። እዚህ አገር አባቱ ያልታወቀ ውሻ ሁሉ የላብራዶር ቅልቅል ነው።

ስሙ ቡና ነው። መልኩ የተቆላ ቡና ስለሚመስል ልጄ ያወጣችለት ስም ነው፤ ስታወጣለት ግን በዋሽንግተን ዙሪያ ስንት ኢትዮጵያዊ እንደሚኖር ያሰበችበት አይመስለኝም። ፌንተን ስትሪት ላይ «ቡና! ና፣ ቡና!» እያልኩ ስጣራ ምግብ ቤት በር ላይ የቆሙ ሰዎች «እግዜር ይስጥልን፣ አሁን ገና ጠጣን» ብለውኛል። አንድ ሽማግሌ ደግሞ ሰው የጠራውን እምቢ ማለት ነውር ሆኖባቸው ነው መሰለኝ ባርኔጣቸውን አስተካክለው ሊከተሉኝ ተነሥተው ነበር።

ቤት ውስጥ ቡና የዋህ ነው። የጎረቤት ሕፃን ጆሮውን ቢጎትተው ዝም፣ ብርጭቆ ወድቆ ቢሰበር ዝም፣ ባለቤቴ መጥረጊያ ይዛ ብትቆጣው መሬት ይተኛል። ሰው ይወዳል። ገመዱ ታስሮለት ከቤት ወጥተን ከሩቅ ሌላ ውሻ ብቅ ሲል ግን እኔ የማላውቀው ፍጡር ይተካል። መጀመሪያ ይደርቃል። አፉ ይከደናል፣ ጆሮው ይቀሰራል፣ ጅራቱ ሽቅብ ይቆማል፣ ዓይኑ ይፈጥጣል። ይህ ሁሉ የሚቆየው አንድ ሰው «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ እስኪጨርስ ነው። ከዚያ በሁለት እግሩ ይቆማል፣ ይጮኻል፣ ይጓጉራል፣ አረፋ ይደፍቃል፣ ገመዱን ይጎትታል፤ ትከሻዬ ከቦታው ይነቃነቃል።

ይህ የሚሆነው ብዙ ጊዜ ስሊጎ ክሪክ ዳር ነው። ስሊጎ ክሪክ የሰፈራችን ወንዝ ነው፤ ዳር ለዳር ረጅም የእግር መንገድ አለው፣ ዛፉ ደስ ይላል፣ የሞንትጎመሪ ካውንቲ ውሻ ሁሉ ጠዋት ጠዋት የሚወጣው ወደዚያ ይመስላል። ቡና ሲፈነዳ የሚያልፈው ሕዝብ በሁለት ይከፈላል። አበሻ ከሆነ «ኧረ ያዘው! ያዘው እንጂ!» ይለኛል፤ እኔ በሁለት እጄ ይዤ፣ በአንድ ጉልበቴ ተደግፌ፣ ዛፍ አቅፌ። አሜሪካዊ ከሆነ ደግሞ የሱ ውሻ ገመድ ሳይኖረው ወደ እኛ እየጋለበ፣ ባለቤቱ ከሩቅ እጁን እያወዛወዘ «አይዞህ፣ ፍሬንድሊ ነው!» ይለኛል። የካውንቲው ሕግ ከግቢ የወጣ ውሻ በገመድ ይያዝ ይላል። ሰውየው ግን ሕጉ የወጣው ፍሬንድሊ ላልሆኑት ነው ብሎ ያምናል። «የእርስዎ ፍሬንድሊ ነው፤ ችግሩ የእኔው ነው!» ብሎ በእንግሊዝኛ መጮህ የዕለት ሥራዬ ሆኗል።

እስኪ ነገሩን ከሥሩ እንየው። አገር ቤት ያደግሁበት ሰፈር የመንገድ ውሻ ሞልቶ ነበር፤ ልጆች ሆነን ሌላ የምናየው ስላልነበረን ውሾቹን እናይ ነበር። ሁለት የማይተዋወቁ ውሾች ሲገናኙ ቀጥ ብለው ፊት ለፊት አይመጡም። ዞር ብለው በጎን ነው የሚቀራረቡት። አንዱ ድንገት መሬት ማሽተት ያምረዋል፤ ሌላው ምንም እንዳላየ ወደ ሱቁ ያያል። ከዚያ ቀስ ብለው ይጠጋሉ፣ ከኋላ ይሸታተታሉ። ካልተስማሙ አንዱ ጅራቱን አጥፎ ይሄዳል፤ ሌላው አይከተለውም። ድብድብ አልነበረም አልልም፤ በተለይ ሥጋ ቤት አጠገብ ሌሊቱን ሙሉ ነበር። ብዙው ግንኙነት ግን ሽምግልና ሳያስፈልገው ያልቅ ነበር።

አሁን ያንኑ ውሻ ገመድ አስገቡለትና በጠባብ የእግረኛ መንገድ አምጡት። ዞር ማለት አይችልም፤ በአንዱ በኩል አጥር፣ በሌላው መኪና ነው። ፊት ለፊት ይመጣል፤ ይህ በውሻ ሥነ ሥርዓት ስድብ ነው። መሬት ላሽትት ቢል «ና እንሂድ» ይባላል። ፈርቶ ልሽሽ ቢል ገመዱ አይፈቅድለትም። የፈራ እንስሳ ሁለት ምርጫ አለው፤ ይሸሻል ወይም ይጋፈጣል። አንዱን እኛ ወስደንበት በሌላው እንቆጣዋለን። ፈሪ ያልሆኑም አሉ፤ ሄደው ሊጫወቱ ፈልገው ሲከለከሉ ንዴት የሚይዛቸው። ከውጭ ሲታዩ ፈሪውም ተጫዋቹም አንድ ዓይነት ነው የሚጮኹት፤ ለዚህ ነው ጎረቤት ሁሉንም «ክፉ ውሻ» ብሎ የሚያጠቃልለው።

ጠጅ ቤት ወይም ሠርግ ቤት ጠብ ሲነሣ አይታችሁ ከሆነ ያዙኝ ልቀቁኝ የሚለውን ሰውዬ ታውቁታላችሁ። ብቻውን ሳለ ድምፁ አይሰማም። አራት ሰው እጁንና ወገቡን ሲይዘው ነው ጀግንነቱ የሚነሣው። «ልቀቁኝ! ዛሬ እኔና እሱ!» ይላል፤ በዓይኑ ግን የያዙትን እጆች ይቆጥራል። አንዱ ሊለቅ ቢል ዘወር ብሎ በነገር ያየዋል። ሁሉም ቢለቁት ኮቱን ለማስተካከል ረጅም ጊዜ ይወስድበታል። ቡናን ገመዱ ጫፍ ላይ ባየሁት ቁጥር ይህ ሰውዬ ይታወሰኛል። አንድ ነገር ግን ይለያቸዋል። ሰውየው ቢለቀቅ ምን እንደማያደርግ ጠጅ ቤቱ ሁሉ ያውቃል፤ ውሻው ቢለቀቅ ምን እንደሚያደርግ ማንም ምሎ ሊናገር አይችልም። ስለዚህ ገመዱን መፍታት መፍትሔ አይደለም። ገመዱ ችግሩን ያመጣዋል፣ ችግሩን የሚይዘውም ገመዱ ነው።

ያዡም ከደሙ ንጹሕ አይደለም። ባለ ገመድ የሆነ ሰው ሁሉ የሚመጣውን ውሻ ከውሻው ቀድሞ ያየዋል። እጁ ይጨብጣል፣ ትንፋሹ ይቆማል፣ ገመዱ ይወጠራል። ውሻው ያለው ጫፍ ላይ ይህ ሁሉ በቅጽበት ይደርሳል። «ጌታዬ ፈርቷል፤ እንግዲያው የሚያስፈራ ነገር አለ» ይላል፤ ያያል፤ እውነትም አለ።

በነገራችን ላይ በዚያ ሰዓት እግርን በሁለት ውሾች መካከል ማስገባት የዋህነት ነው። ሊደርስበት ያልቻለውን ውሻ ትቶ አጠገቡ ያገኘውን የሚነክስ ውሻ አለ፤ አጠገቡ የሚገኘው ደግሞ የጌታው ባት ነው።

አበሻ ምክር አይቸግረውም። ቡና የሚያደርገውን የሰማ ሁሉ መድኃኒት አለው። ቨርጂኒያ ያለ ዘመዴ «አንዴ በደንብ ግረፈው» አለኝ። አንዲት አክስቴ በስልክ «ጸበል…» ብለው ጀመሩና የሚጠመቀው ውሻ መሆኑ ትዝ ሲላቸው ስለ አየሩ ጠየቁኝ። አንድ ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ ደግሞ ከቴሌቪዥን የተማረውን አመጣ። «ውሻ ማለት ተኩላ ነው። ተኩላ አለቃ አለው። አለቃው አንተ መሆንህን አሳየው፤ ገልብጠህ መሬት ላይ ያዘው» አለኝ። እኛ ሰዎች ደግሞ አለቃ የሚል ነገር ስንሰማ ልባችን ቶሎ ይቀበላል።

ይህ የአለቃ ነገር ረጅም ታሪክ አለው። ሩዶልፍ ሼንከል የሚባል ስዊዘርላንዳዊ ተመራማሪ አንድ ግቢ ውስጥ ተዘግቶባቸው የሚኖሩ ተኩላዎችን አይቶ ስለ አለቃቸው እ.ኤ.አ. በ1947 ጽፎ ነበር። ዴቪድ ሚች የሚባል አሜሪካዊ ደግሞ በ1970 ስለ ተኩላ ባሳተመው መጽሐፍ ሐሳቡን ለዓለም አደረሰው። ሚች ግን በዚያ አላቆመም፤ ዱር ያሉትን ተኩላዎች ዓመት ከዓመት ተከታተለ። የተኩላ መንጋ ማለት አባት፣ እናትና ልጆቻቸው መሆኑን አየ። ግልበጣ የለም፣ የሥልጣን ሽኩቻ የለም፣ ቤተሰብ ነው። በ1999 አለቃ የሚለው አነጋገር ለዱር ተኩላ እንደማይሆን ራሱ ጻፈ። ሳይንቲስቱ ቃሉን አንሥቷል፤ ወዳጄ ግን እስካሁን አላነሣም።

የኤሌክትሪክ አንገትጌ ግዛ ያሉኝም አሉ። ዌልስ ከ2010 ጀምሮ ከልክላዋለች፤ እዚህ ግን ማንም ከስልኩ ሆኖ ያዝዘዋል። እንስሳት ጠባይ ላይ የሚሠሩ የአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር በ2021 ባወጣው አቋም ውሻ በሽልማት እንጂ በሕመም አይሠልጥን ብሏል። ምክንያቱ ርኅራኄ ብቻ አይደለም። ውሻው ሌላ ውሻ ባየ ቁጥር አንገቱ ላይ እሳት ከተሰማው እሳቱን የሚያያይዘው ከራሱ ጩኸት ጋር ሳይሆን ከሚያየው ውሻ ጋር ነው፤ በፊት የጠረጠረውን አሁን አረጋገጠ። ወይም ደግሞ ማጉረምረሙን ብቻ ይተዋል። ማጉረምረም የተከለከለ ውሻ ሳያጉረመርም ይናከሳል፤ ሰውም ውሻም ማስጠንቀቂያ ሳይሰማ።

ልጄ የሁላችንንም ምክር በስልክ ሰምታ «አባዬ፣ መጀመሪያ ሐኪም ይየው» አለችኝ። ልክ ናት። ዳሌው ወይም ጥርሱ ወይም ጆሮው የሚያመው ውሻ ማንም እንዲጠጋው አይፈልግም፤ እኔም ወገቤን ሲያመኝ አልፈልግም። ታየ። ጤነኛ ነው ተባለ። ሂሳቡን ባየሁ ጊዜ ትንሽ ታሞ ቢሆን ኖሮ ገንዘቡ ባላስቆጨኝ ነበር አልኩ።

ቀጥሎ አሠልጣኝ መጣች። ወገቧ ላይ ከረጢት የታጠቀች፣ ዝግ ብላ የምትናገር ሴት ናት። ስለ ቡና ጠባይ የነገርኳትን ሁሉ ሰምታ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀችኝ፤ «ሌላ ውሻ እያየ ሥጋ የሚበላልህ ከስንት ርቀት ላይ ነው?» ለካ መለኪያው ይህ ነው። በተወሰነ ርቀት ላይ ቡና ውሻውን ያያል፣ ጆሮውን ይቀስራል፣ ግን ሥጋ ሲሰጡት ይውጣል። ከዚያ ትንሽ ከቀረበ የንጉሥ ግብር ቢቀርብለት አይነካም። ሥጋ እምቢ ካለ ትምህርት አልቋል፤ መራቅ ነው። ርቀቱ ደግሞ ከቀን ቀን ይለያያል። ጠዋት የቆሻሻ መኪና ካስደነገጠው፣ ቀጥሎ ስኬትቦርድ የሚነዳ ልጅ ካለፈ፣ ሦስተኛ የሚመጣው ውሻ ከሩቅም ቢሆን ይበቃዋል። ድንጋጤ ይጠራቀማል። እንዲህ ያለ ቀን ከሆነ ቶሎ ቤት መግባትና ነገ እንዲያርፍ መተው ይሻላል።

ሥራው እንግዲህ ይህ ነው። ውሻ ይታያል፤ ዶሮ ይመጣል። ውሻው ይሰወራል፤ ዶሮው ይቋረጣል። ቅደም ተከተሉ ከተዛባ፣ ዶሮው ከቀደመ፣ ቡና የሚማረው ዶሮ የክፉ ነገር ምልክት መሆኑን ነው፤ ዶሮም ይጠላል። ኢቫን ፓቭሎቭ በ1904 የኖቤል ሽልማት ያገኘው በምግብ መፈጨት ሥራው ነበር፤ ስሙ እስከ ስሊጎ ክሪክ የደረሰው ግን ምራቃቸውን ባዝረከረኩ ውሾቹ ነው። ባለቤቴ መጀመሪያ አልተዋጠላትም። «ለሚጮህ ውሻ ዶሮ? ለጩኸቱ ደመወዝ እየከፈልከው ነው» አለችኝ። ሲጮህ አይደለም የሚሰጠው፤ ሳይጮህ ነው። ደግሞም ፍርሃት በዶሮ አይባባስም፤ የፈራ ሰው ቢጋብዙት የበለጠ አይፈራም። ከወራት በኋላ የሆነውን ስታይ እሷም ዝም አለች። ቡና ከሩቅ ውሻ ያያል፣ ይቆማል፣ ከዚያ ውሻውን ትቶ አንገቱን ወደ ኪሴ ያዞራል። «ይኸው ውሻ፤ የታለ ዶሮዬ?» ማለቱ ነው። ያዙኝ ልቀቁኝ ቀርቶ አሁን ክፈሉኝ ሆኗል።

የዶሮው ነገር ግን ለኦርቶዶክስ ቤት ፈተና ነው። ዶሮ ወጥ አይሆንም፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ደም ይጎዳሉ። ያለ ሽንኩርት፣ ያለ ቅመም፣ በውኃ ብቻ የተቀቀለ ዶሮ መሆን አለበት። በዓመት 180 ያህል ቀን የሚጾም ቤት፣ ሁዳዴ ሙሉ 55 ቀን፣ ጠዋት ጠዋት ዶሮ ይቀቀልበታል። እኛ ሽሮ፣ እሱ ፈረሰኛ። ከዚያ ዶሮው ተቆራርጦ ካፖርት ኪስ ውስጥ ይገባል። ሽታው ደግሞ በላስቲክም በምንም አይታገድም። በሁዳዴ ቅዳሴ ላይ ከኪሱ ዶሮ የሚሸት ምእመን ከጎኑ ሰፊ ቦታ ይለቀቅለታል። ስለዚህ ባለቤቴ ካፖርቶቹን ለየቻቸው፤ የጾም ካፖርትና የፍስክ ካፖርት። የፍስኩ በረንዳ ላይ ለብቻው ይሰቀላል። ቅዳሜ ማታ የጾሙን ኪስ ሁለቱንም በእጇ ትፈትሻለች።

ሌላው ፈተና መደበቅ ነው። አሠልጣኟ «ማምለጫ ከሌለህ ከቆመ መኪና ጀርባ ግባ፤ ውሻው ካላየ አይጮኽም» ትላለች። እውነቷን ነው፤ ይሠራል። እሷ ግን ነጭ ሴት ናት። አንድ ጥቁር ጎልማሳ ገና ሳይነጋ፣ ኮፍያ ያለው ልብስ ለብሶ፣ ከሰው መኪና ጀርባ አጎንብሶ በመስኮት ሲታይ የቤቱ ባለቤት ስለ ውሻ ሥልጠና አያስብም። ለዚህም መላ አበጀሁ። ከመኪና ጀርባ ስገባ ጮክ ብዬ ከቡና ጋር አወራለሁ፤ «ጎበዝ ውሻ! ጥሩ ውሻ!» እላለሁ፤ በእንግሊዝኛ፣ ሰፈሩ ሁሉ እንዲሰማ። በአማርኛ ከሆነ ግን ከግብረ አበር ጋር በስልክ የማወራ ይመስላል።

መሣሪያውን ቶሎ ልለፈው። ደረት ላይ ቀለበት ያለው ሀርነስ ጥሩ ነው፤ ውሻው ሲጎትት ወደ ጎን ያዞረዋል፣ ጉሮሮውንም አያንቀውም። ገመዱ ወደ 1.8 ሜትር የሚሆነው ተራው ይበቃል። እስከ 8 ሜትር የሚተረተረውን ቀጭን ገመድ የፈለሰፈውን ሰው ግን እኔና ቡና ስናገኘው የምንለው አለን፤ ውሻው ጥግ ላይ ታጥፎ ሰው ወይም ውሻ ላይ ከደረሰ በኋላ ነው ባለቤቱ ከዛፉ ጀርባ ብቅ የሚለው። አፉ ላይ የሚደረግ የቅርጫት ዓይነት መሸፈኛም አለ፤ ውሻው በውስጡ ያለከልካል፣ ይጠጣል፣ ዶሮውንም ይበላል። ጥቅሙ ንክሻ መከልከሉ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ያንን ያደረገ ውሻ መንገድ ይከፈትለታል። ፍሬንድሊዎቹ እንኳ ወደ ባለቤቶቻቸው ይጠራሉ። ገመድ ላይ ቢጫ ሪባን ማሰርም አለ፤ «ውሻዬ ርቀት ይፈልጋል» ማለት ነው። ምን ማለት እንደሆነ የማያውቅ ሰው ሁሉ ሊጠይቅ ቀረብ ይላል።

በዚህ መሐል አማቴ ከአዲስ አበባ መጡ።

አማቴ ውሻ ሶፋ ላይ ተኝቶ ሲያዩ ያሉትን አልጽፈውም። በሚቀጥለው ቀን ግን ቡና መስኮት ላይ ሆኖ የጎረቤትን ውሻ ሲጮህበት ሰሙና ፊታቸው በራ። «እንዲህ ነው ውሻ! እኔ እኮ የሞተ መስሎኝ ነበር» አሉ። ዝም እንዲል ለሴትዮ በሰዓት እንደምንከፍል ባለቤቴ ስትነግራቸው እኔን ረጅም ጊዜ አዩኝ። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «ሥራውን ፈቷል?» አሏት።

ስኳር ስላለባቸው ሐኪማቸው በእግር እንዲሄዱ አዟቸዋል። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው፣ የልጃቸውን ስኒከር ተጫምተው ከእኔና ከቡና ጋር ይወጣሉ፤ ከቡና ሁልጊዜ በእኔ ማዶ በኩል። ውሻ በጣም ይፈራሉ። ልጅ ሳሉ ወንድማቸው በውሻ ተነክሶ ፓስተር ኢንስቲትዩት እየተመላለሰ ሆዱ ላይ መርፌ ሲወጋ አይተዋል፤ በዚያ ዘመን የእብድ ውሻ መድኃኒት የሚሰጠው እንደዚያ ነበር። የልጁ ጩኸት እስከ ዛሬ ይሰማቸዋል።

ስልካቸው ላይ የተጻፈውን ለማንበብ መነጽር የሚለዋውጡት አማቴ ውሻ ሲሆን ከሁለት ሰፈር ማዶ ያያሉ። ቡና ገና አላየም፣ እኔም አላየሁም። «ና ወዲህ» ብለው ክንዴን ይዘው መንገድ ያሻግሩኛል። ጠባብ መንገድ አይወዱም። የታጠፈ ጥግ ላይ ሲደርሱ ሰፋ አድርገው ይዞራሉ፤ ከጥጉ ጀርባ ውሻ ሊኖር ይችላላ። ውሻ በቀረበ ጊዜ ደግሞ ቡና ወደ እሳቸው ዞሮ እንዳይነክሳቸው አስቀድመው ይደልሉታል። ከነጠላቸው ጫፍ ቁራሽ ድፎ ፈትተው ከሩቅ እየወረወሩ «እንካ! እንካ፣ እሱን አትይ!» ይሉታል። ቡና ሣሩ ውስጥ ዳቦ ሲፈልግ ሌላው ውሻ አልፎ ይሄዳል። አሠልጣኟ ይህንኑ ልታስተምረኝ በሰዓት ስታስከፍለኝ ኖራለች። ዳቦው ደግሞ የጾም ነው።

ይህን ስነግራቸው ደስ አላላቸውም። ውሻ ማሠልጠን የሚባል ሥራ ላይ ስማቸው እንዲነሣ አይፈልጉም።

ማለዳ ስንወጣ መንገዱ ባዶ አይደለም። ውሻቸው ሌላ ውሻ የማይወድላቸው ሰዎች ሁሉ ያንኑ ብልሃት ስላገኙ ገና በጨለማ የሚወጣ የራሱ ማኅበረሰብ አለ። ሰው ለሰው አንተዋወቅም፤ የውሾቹን ስም ግን ከጩኸቱ ብዛት እናውቃለን። ከሁሉም የሚብሰው አንድ ቺዋዋ ነው። ጃንሆይም ቺዋዋ ነበራቸው፣ ሉሉ፤ ትንሽነት ከነገር አያስወጣም። የቺዋዋው ባለቤት ሸበት ያለች ሴት ናት። ሳንነጋገር ስምምነት አድርገናል፤ እሷ በግራ፣ እኛ በቀኝ፣ መንገዱ በመካከል። እጅ እናነሣለን፤ ሁለታችንም አንቆምም።

አማቴ ይህንን ሊታገሡት አልቻሉም። ሰው በየማለዳው እየተያየ «እንዴት አደርክ» ሳይባባል ማለፍ ምን የሚሉት ነው? አንድ ጠዋት ቆም አሉና ከመንገዱ ማዶ «እንደምን አደርሽ የኔ እመቤት!» ብለው ጮኹ። ሴትየዋ ደንግጣ ቆመች። «ልጆች ደኅና ናቸው? ብርዱ እንዴት ይዞሻል?» እኔ በእንግሊዝኛ እየጮህኩ ተረጎምኩ። ሴትየዋም ከማዶ ጮኻ ልጇ ቦስተን እንደሆነና ጉልበቷን እንደሚያማት ነገረችን። አማቴ የጉልበት መድኃኒት ያዘዙላት ረጅም ነበር፤ ጦስኝን በእንግሊዝኛ ምን እንደምል ጨነቀኝ። ቡና ድፎውን ይፈልጋል፤ ቺዋዋው ከእሷ እጅ የሆነ ነገር ይበላል። አንዳቸውም አልጮኹም፤ የሚጮኹት ሰዎቹ ብቻ ነበሩ።

«ቅዳሜ መጥታ ቡና ትጠጣ በላት» አሉኝ አማቴ።

ነገርኳት። ሴትየዋ ወደ ውሻዬ አየች፣ ከዚያ ወደ ውሻዋ። ስሙን በጩኸት ታውቀው የለ፤ ምን እንደተጋበዘች ለማስረዳት ጥቂት ጊዜ ወሰደብኝ። ሲገባት ሳቀችና እሺ አለች።

«ውሻዋን ግን ቤት ትታ ትምጣ» አሉ አማቴ። «የኛንም አንተ ይዘኸው ውጭ ትቆያለህ።»